ቴሌግራም በባልና ሚስት መካከል፦ ድምፁ ያቀራርባል፣ ጽሑፉ ያጣላል

ቴሌግራም በአገራችን የሚመዘነው በቻናሉ፣ በዜናው፣ በፒዲኤፉና በገበያው ነው። እዚህ የምንመዝነው ግን በሌላ ሚዛን ነው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገናኙ፣ ወይም አንዳቸው ዱባይ አንዳቸው ደሴ ሆነው ልጅ የሚያሳድጉ ባልና ሚስት በየቀኑ የሚነጋገሩበት መሣሪያ ሆኖ። በዚህ ሚዛን ከ5 4 ይገባዋል። አራቱን ያስገኘለት በአመዛኙ የድምፅ መልእክቱ ነው። አንዱን ያሳጣው ደግሞ በ✓ ምልክቶቹና በ«ላስት ሲን» (ሰው መጨረሻ ኦንላይን የታየበትን ሰዓት በሚያሳየው) በኩል የሚያመጣው ጥርጣሬ ነው፤ እሱም ቢሆን አሠራሩን ላወቀ ሰው በአብዛኛው የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን እንይ፤ ከርቀት የሚነሳ ጠብ አብዛኛው የሚጀምረው እዚያ ነውና። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና ነው» ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ይህ እንኳ ከዐረፍተ ነገሩ ይገመታል። የሚብሰው የጥያቄ ምልክት ሲቀር ነው። «ደመወዝ ገባ» የሚል መልእክት ብስራት ነው ወይስ ጥያቄ? በአማርኛ ጥያቄውን ከወሬው የሚለየው ብዙ ጊዜ የድምፅ አወጣጡ ብቻ ስለሆነ፣ ምልክቱን የማይጽፍ ሰው ጥያቄውን ትእዛዝ፣ ወሬውን ክስ ያስመስለዋል።

ከሁሉ የከፋችው ግን «ምን ሆንሽ» ናት። ረጋ ባለ ድምፅ ስትባል ከማሰብ የመጣች ናት፤ ጠንከር ስትል ደግሞ ተቆጣሁ ማለት ነው። ስክሪን ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ አንባቢው የሚያነባት በራሱ የዚያ ሰዓት ስሜት ነው። ቀኑን ሙሉ ስትለፋ የዋለች ሴት «ምን ሆንሽ» ስታነብ የምትሰማው ቁጣ ነው፣ ጸሐፊው ግን ተጨንቆላት ይሆናል። «እሺ»ም እንደዚያው ናት። ብቻዋን የተላከች «እሺ» በቃል ስትባል ያላትን ለስላሳነት ሁሉ ጥላ፣ በሩን ዘግቶ እንደ መሄድ ትነበባለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፤ ስሜት ያለበትን ነገር በድምፅ ላኩ፣ ቁጥርና ዝርዝርን በጽሑፍ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመድኃኒት ስምና ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ የአስቤዛ ዝርዝር፤ እነዚህ በድምፅ ከተነገሩ ነገ ተፈልገው አይገኙም። በጽሑፍ ከሆኑ ግን በፍለጋ ይወጣሉ፤ መልእክቱን ተጭናችሁ «ፒን» ካላችሁትና ለሌላው ወገንም የሚለውን ከመረጣችሁ ለሁለታችሁም ከላይ ተሰክቶ ይቆያል።

እንዲያውም የሚሻለው የቤቱን ጉዳይ ከፍቅሩ መለየት ነው። ሁለታችሁ ብቻ ያላችሁበት ሌላ ግሩፕ ክፈቱና «የቤት ጉዳይ» በሉት፤ ኪራይ፣ ዘይት፣ መብራት፣ የልጁ ደብተር እዚያ ይግቡ። የግሉ ቻት የእንዴት ዋልሽና የእንዴት አደርህ ይሁን። ሁሉ አንድ ላይ ሲሆን የሚበላሽ ነገር አለ፤ «ናፍቀሽኛል» ከላይና ከታች በ«ጋዝ አልቋል» ተከቦ ሲታይ ሰውየው የሚጽፈው ሲቸግረው ብቻ ይመስላል።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ከታች በቀኝ ያለችውን የማይክ ምልክት ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ትናገራላችሁ፣ ስትለቁ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው፤ ጥቅሙ ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ባሉት ሦስት ነገሮች ላይ ነው። እንደያዛችሁ ጣታችሁን ወደ ግራ ብትስቡ የተቀዳው ይሰረዛል። ወደ ላይ ብትገፉ ይቆለፋል፤ ጣት ሳይነካው መቅዳቱን ይቀጥላል። ከቆለፋችሁ በኋላ ቅጂውን አቁማችሁ ሳትልኩት መስማት ትችላላችሁ፤ ካልጣማችሁ የቆሻሻ ቅርጫቷን ነክታችሁ ትጥሉታላችሁ። ይህች ሦስተኛዋ ብዙ ትዳር ታረጋጋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እዚህ ግን ከአፍ ወጥቶም ገና በእጃችሁ ነው። በንዴት የቀዳችሁትን ቆልፋችሁ፣ አቁማችሁ፣ ራሳችሁ ስሙት። የራስን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው መስማት ሐሳብን ያስለውጣል።

የማይኳን ምልክት ያዝ ሳታደርጉ አንዴ ብቻ ብትነኩ ወደ ካሜራ ትለወጣለች። «ድምፅ ልልክ ስል ፊቴ ተቀረጸ» የሚባለው ከዚህ ነው፤ አንዴ ደግማችሁ ስትነኩ ትመለሳለች። ከዚህ የሚከፋ ሌላ ችግርም አለ። ቻቱ ተከፍቶ ሳለ ስልኩን ወደ ጆሮ ስታስጠጉ ራሱ መቅዳት የሚጀምርበት አሠራር አለው። በዚህ ሰበብ የማይመለከተው ወሬ ተቀድቶ ሄዶ የተጣሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በአንድሮይድ ከሴቲንግ ወደ ቻት ሴቲንግ ገብታችሁ «ሬይዝ ቱ ስፒክ» የሚለውን አጥፉት። «ሬይዝ ቱ ሊስን»ን ግን ተዉት፤ እሱ ስልኩን ጆሮ ላይ ስትለጥፉ ድምፁን ከውጭ ስፒከር ወደ ውስጥ የሚያዞረው ነው። በአሠሪ ቤት ለምትሠራ እናት፣ በታክሲ ለሚሄድ አባት፣ ልጆች በተሰበሰቡበት ሳሎን ለተቀመጠ ሁሉ አስፈላጊ ነው።

ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አንድ ድምፅ፣ አንድ ጉዳይ። የአራት ደቂቃ መልእክት ውስጥ አምስት ጉዳይ ከተደረደረ ሰሚው የመጨረሻውን ብቻ ይመልሳል፤ ላኪው ደግሞ «አራቱን ችላ አለችኝ» ብሎ ያድራል። ጥያቄ ካለ ይቅደም፣ ታሪኩ ይከተል። ከአገር ውጭ ላለ ሰው የሚላክ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ምንጊዜም «ሁሉም ደህና ነው» ይሁን። እኛ ዘንድ ያለ ሰዓቱ የመጣ ስልክ መርዶ ነው የሚመስለው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የገባ ድምፅ እስኪከፈት ድረስ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ከባድ ናት፤ ድምፁ የሚከፈተው በረጅም ትንፋሽና «ስሚኝማ…» ከሆነ ደግሞ ጉልበት ይከዳል። ሌሊት ለመላክ ካስፈለገ የመላኪያዋን ቀስት ተጭናችሁ ያዙና «ሴንድ ዊዝአውት ሳውንድ» የሚለውን ምረጡ፤ መልእክቱ ይደርሳል እንጂ ስልኩ አይጮህም።

ድምፅን በ1.5 ወይም በ2 እጥፍ ፍጥነት መስማት ይቻላል። ለአለቃ ወሬና ለዕድር ስብሰባ ግሩም ነው። የባልን ወይም የሚስትን ድምፅ ግን በራሱ ፍጥነት ስሙት። ድምፅ ከጽሑፍ የበለጠው በትንፋሹ፣ በመሐል ዝም በማለቱ፣ ሳቅ ሲል በሚሰማው ነገር ነው፤ ሲጣደፍ እነዚያ ሁሉ ይጠፋሉ፣ የሚቀረው ጽሑፍ ነው።

አሁን አንዱን ነጥብ ወዳሳጣው ነገር። የቴሌግራም አንድ ✓ ምልክት መልእክቱ ወደ ቴሌግራም ማእከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ሄዷል ማለት ነው፣ ሁለት ምልክት ተከፍቶ ታይቷል ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ግራጫ ምልክት ደርሷል እንጂ ተነቧል ማለት አይደለም፤ ሰማያዊ ሲሆን ነው የተነበበው። ሁለቱን አፕ የሚጠቀም ሰው ይህን ያቀላቅላል። በተጨማሪም ድምፅ ላይ ሁለት ምልክት ታየ ማለት ተሰማ ማለት አይደለም፤ ቻቱ ተከፈተ ማለት ነው። ከድምፁ ርዝመት አጠገብ ያለችው ትንሽ ነጥብ ካለች ገና አልተሰማም። ስለዚህ «አይተሽ ዝም አልሽኝ» ከማለት በፊት ነጥቧን ማየት ነው። አንዲት ሴት ሥራ ላይ ሆና ቻቱን ከፍታ፣ ድምፅ መሆኑን አይታ፣ ብቻዋን ስትሆን ልትሰማው ብትተወው ላኪው የሚያየው ሁለት ምልክት ነው። የተናቀ ይመስለዋል እንጂ እሷ በደንብ ልትሰማው አስቀምጣዋለች።

«ላስት ሲን» ደግሞ አለ። «7 ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርክ፣ የኔን ለምን አልመለስክም?» የሚለው ክርክር የተለመደ ነው። ኦንላይን መሆን ከሰው ጋር ማውራት አይደለም፤ ቻናል ያነበበ፣ ፋይል የከፈተ ሁሉ ኦንላይን ነው። በፕራይቬሲ በኩል መደበቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከደበቃችሁት ሰው የእሱም ይደበቅባችኋል፣ «በቅርቡ» የሚል ብቻ ነው የምታዩት። በባልና ሚስት መካከል መደበቁ ጥርጣሬን ያሳድጋል እንጂ አይቀንስም። የሚሻለው ውል ነው፦ ሥራ ሰዓት ላይ መልስ አይጠበቅም፣ አስቸኳይ ከሆነ ይደወላል፣ የቀረው ማታ ይመለሳል። የአንዱን አካውንት በሌላው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በድብቅ ከፍቶ መከታተልስ? በሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» በሚለው ሥር የተከፈተበት ዕቃ ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል፤ ስለዚህ ድብቅነቱም ብዙ አይቆይም። መተማመኑ ከዚያ በኋላ እንዳለፈው አይሆንም።

መልእክትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይቻላል፤ በግል ቻት የጊዜ ገደብ የለውም፣ ምልክትም አይተውም። በጠብ መሐል የተጻፈን ክፉ ቃል ማጥፋት መልካም ይመስላል። ነገር ግን ኖቲፊኬሽኑ ከላይ ካለፈ ሰውዬው ግማሹን አንብቦታል፤ ሲከፍተው ከጠፋ ያልተነበበውን ግማሽ በራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላውም ከተጻፈው የከፋውን ነው። ያጠፋችሁትን ንገሩ፦ «ተናድጄ የማይባል ጽፌ አጥፍቼዋለሁ፤ ይቅርታ።» ማስተካከልም አለ፤ ለ48 ሰዓት የተላከን ጽሑፍ ማረም ይቻላል፣ «ኤዲትድ» የሚል ምልክት ይከተለዋል። የፊደል ስሕተት ለማረም ጥሩ ነው። ሐሳብን ለመቀየር ግን አዲስ መልእክት መላክ ይበልጣል፤ ትላንት የተጻፈ ነገር ዛሬ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ሰው ራሱን ማመን ያቅተዋል።

ጠብ ሲነሳ ቴሌግራም ቦታው አይደለም፤ በጽሑፍም በድምፅ መልእክትም። ድምፅ መልእክት ማቋረጥ የማይቻልበት ንግግር ነው፤ አንዱ ሦስት ደቂቃ ይከሳል፣ ሌላው ሦስት ደቂቃ ይመልሳል፣ ሽማግሌ የሌለበት ችሎት ይሆናል። ባልና ሚስት ሲነጋገሩ በላቦራቶሪ በማጥናት የሚታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን፣ በጭቅጭቅ ጊዜ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን በቅጡ መስማት እንደሚያቅተው፣ ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል እንደሚያስፈልገው ያስተምራል። ይህን ወደ ስልኩ ስናመጣው፣ የምትልኩት አንድ አጭር መልእክት ብቻ ነው፤ ንዴቱን የሚናገር፣ መመለሻውን ሰዓት የሚቆርጥ። «አሁን ተናድጃለሁ፤ ልጆቹ ሲተኙ ማታ በ3 ሰዓት እደውላለሁ።» ሰዓት የሌለው ዝምታ ኩርፊያ ነው። ሰዓት ያለው ዝምታ ግን ቀጠሮ ነው፤ ሌላው ወገን ልቡ አይንጠለጠልም። በተባለው ሰዓት ደግሞ መደወል ግዴታ ነው፤ አንዴ ከቀረ ሁለተኛ አይታመንም።

ስለ ሰዓት ካነሳን አንድ ለእኛ ብቻ የሚሆን ነገር አለ። ቴሌግራም መልእክትን ቀጠሮ ይዞ ይልካል፤ ቀስቷን ተጭኖ ይዞ «ስኬጁል» ማለት ነው። ድምፅም በዚህ መንገድ ይላካል፦ ቀድቶ፣ ቆልፎ፣ አቁሞ፣ ከዚያ ቀስቷን መያዝ። የሚላከው ከሰርቨሩ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ስልካችሁ ቢጠፋም ይደርሳል። ለፈረቃ ሠራተኛ፣ ለሐኪም፣ ልጅ በሚተኛበት ሰዓት ሥራ ላይ ለምትሆን እናት ትልቅ ነገር ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከሀበሻ ሰዓት ነው። «ማታ 2 ሰዓት ይድረሰው» ብሎ 2:00 የመረጠ ሰው መልእክቱ የሚሄድለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት 20:00 ነው። የሚቆጥረውም በላኪው ስልክ ሰዓት ነው። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ናቸው፤ የኤምሬትስ ሰዓት በአንድ ይቀድማል፣ ስለዚህ ከዱባይ 21:00 ይመረጣል። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ የእነሱ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ሲቀየር የእናንተንም የስልክ ቀጠሮ አብራችሁ ቀይሩ። «ረሳኝ» የሚባለው ኩርፊያ ብዙ ጊዜ የሰዓት ለውጥ ነው።

ጥሪውስ? ኔትወርክ ባለበት ጥሩ ነው፤ ደካማ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ ለጥሪ አነስተኛ ዳታ እንዲጠቀም ማድረግ ይቻላል። በኤምሬትስ ግን በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ የሚደረግ የኢንተርኔት ጥሪ የተዘጋ ነው፤ ሰው የሚደውለው ፈቃድ ባላቸው እንደ ቦቲም ባሉ አፖች ነው። ክልከላውን በቪፒኤን ማለፍ ሕግ ፊት ሊያስጠይቅ ስለሚችል ለሥራ የሄደ ሰው አይሞክረው። የድምፅ መልእክት ግን ጥሪ ስላልሆነ እዚያም ይሠራል። ለዱባይና ለአቡ ዳቢ ባለትዳሮች ቴሌግራም የሚመከረው በዚህ ነው፤ የቀን ተቀን ወሬው በድምፅ መልእክት፣ የሳምንቱ ረጅም ጨዋታ በቦቲም። ሳዑዲ ላይ የኢንተርኔት ጥሪ ክልከላ በ2017 በአውሮፓ አቆጣጠር ተነስቷል።

ልጆቹ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይሰፋል። ቴሌግራም ለትንሽ ልጅ አካውንት የሚከፈትበት ቦታ አይደለም። ማንም የማያውቀው ሰው ሊጽፍለት ይችላል፣ ፍለጋው ላይ ልጅ ማየት የሌለበት ቻናል ሞልቷል። ልጁ በወላጁ ስልክ፣ በወላጁ ቻት ውስጥ ይናገር። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ማይኳን ይዞ መቆየት ስለሚያቅተው «እማ» ብቻ ብላ የተቆረጠች ድምፅ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ትልቁ ሰው ይጫንለት፣ ወደ ላይ ገፍቶ ይቆልፍለት፣ ስልኩን ለልጁ ይስጠው። በካሜራ ምልክቷ የሚቀረጸው ክቡ ቪዲዮ እስከ 60 ሴኮንድ ይቀዳል፤ ለሕፃን ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ጉዳቱ ዳታ ከድምፅ እጅግ የበለጠ መብላቱና ልጁ የራሱን ፊት እያየ መናገሩን መርሳቱ ነው። ትልቅ ነገር ሊነግር የፈለገን ልጅ ድምፅ አስቀዱት። ሥዕሉን፣ የወለቀ ጥርሱን፣ አዲስ ጫማውን ሊያሳይ ከሆነ ክቡን።

«እማዬ ናፍቀሽኛል በላት» እያሉ ከጎን መንገር ልጁን ደጋሚ ያደርገዋል። እናትም ትለየዋለች፤ ያ ድምፅ የልጇ ነው፣ ቃሉ ግን የአክስት ነው። ከዚያ ይልቅ ለልጁ የሚመልሰው ጥያቄ ላኩለት። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «ጥሩ» ብሎ ይጨርሳል። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?»፣ «ከጓደኞችህ ያለቀሰ ነበር? ምን አልከው?» ሲባል ግን ይተርካል። ሁለተኛዋ ጥያቄ በተለይ ደግ ናት፤ ልጁ ሌላውን ሰው ልብ እንዲል፣ ያደረገውንም መልካም ነገር በራሱ አፍ እንዲናገር ታደርገዋለች።

ልጆች ደግነትን ከእኛ ብቻ አይማሩትም፤ ይዘውት የሚመጡት አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፌሊክስ ዋርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ በ2006 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት የ18 ወር ሕፃናት የማያውቁት ሰው የወደቀበትን ዕቃ ሳይለመኑ አንስተው ሲሰጡ ታይተዋል። በ2008 ያወጡት ደግሞ ለወላጅ ይበልጥ የሚጠቅም ነው፤ ስለረዱ መጫወቻ የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት በኋላ ሽልማቱ ሲቀር፣ መጀመሪያውኑ ምንም ካልተሰጣቸው ያነሰ ረዱ። ስለዚህ «ለአባዬ ድምፅ ከላክሽ ጌም አጫውትሻለሁ» አይባል። ሳምንት ሳይሞላ ድምፁ የጌም ዋጋ ይሆናል፤ ጌሙ የቀረ ቀን አባቷም ይቀራል።

ሕፃን በቪዲዮ እያወራ እንጀራ ጠቅልሎ ለስልኩ ጉርሻ ሲዘረጋ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እዚያ ላይ ትልቁ ሰው የሚሠራው ይቆጠራል። «ስልኩን አታቆሽሸው» የሚለው ቃል ልጁን ከደግነቱ ያግደዋል። አፍን ከፍቶ፣ አላምጦ፣ «ጣፈጠኝ፣ አንተም ብላ» ማለት ነው እንጂ። ልጅ «አባዬ ደክሞሃል?» ሲልም «አይ፣ አልደከመኝም» ብሎ መሸፈን ልጁን ያስተዋለውን እንዳያምን ያደርገዋል። «አዎ ትንሽ ደክሞኛል፣ ድምፅህን ስሰማ ግን ደስ አለኝ» የሚለው እውነትም ነው፣ ልጁም ደግነቱ እንደሠራ ያያል። ድምፁ በዕለቱ ይመለስለት፤ አጭርም ቢሆን። ልጅ ትንሿን ነጥብ ማንበብ በጣም ቶሎ ይማራል፣ «እማዬ አልሰማችውም» ብሎ ይቆጥራል።

ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚላላኩትን ልጆቹ ይሰሙታል፤ በስፒከር የተከፈተ ድምፅ የቤቱ ሁሉ ነውና። ስለዚህ ከትዳር ጓደኛ የመጣ ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ በጆሮ ይሰማ። ምስጋና ያለበት ከሆነ በስፒከር ይደገም፦ «ዛሬ ሐኪም ቤት ወስደሻቸው፣ ራት ሠርተሽ፣ ልብስ አጥበሽ… እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ።» ምስጋናው በተሠራው ነገር ስም ሲጠራ ነው የሚሰማው፤ «አመሰግናለሁ» ብቻ ሲሆን ሰላምታ ይሆናል። ልጁ በሳምንቱ ለሞግዚቷ «ጫማዬን ስላሰርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ከየት እንዳመጣው ትገነዘባላችሁ። ወቀሳ ያለበት ከሆነ በጆሮ ተሰምቶ እዚያው ይቅር። በኩርፊያ ጊዜ ደግሞ «ለአባትሽ ገንዘብ እንዲልክ ንገሪው» ብሎ ልጅን መልእክተኛ ማድረግ ከሁሉ የከፋው አጠቃቀም ነው። ልጅቷ የምትወስደው ቃሉን ብቻ አይደለም፣ ቃናውንም ነው፤ የምትመልሰው መልስም ካልጣመ ጥፋቱ የሷ ይመስላታል። ቤተ ዘመድ ባለበት ግሩፕ ላይ የልጅን ለቅሶ ወይም ምሥጢር ፎርዋርድ ማድረግም እንዲሁ፤ ለእናቱ ብሎ የተናገረውን አሥራ አምስት ሰው ከሰማው ሁለተኛ አይናገርም።

ደኅንነቱን በአጭሩ። «ለውድድር ድምፅ ስጡኝ» ወይም «የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» በሚል አካውንት ተነጥቆ በባል ስም ሚስትን ብር የሚጠይቁ ሌቦች አሉ። በፕራይቬሲ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን (ከኮዱ ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ፣ ለጠፋችሁ የይለፍ ቃል ማስመለሻ ኢሜይል አስገቡ፣ ኮዱን ለማንም አትስጡ። በመካከላችሁም ውል ይኑር፦ ብር የሚጠየቀው በራስ ድምፅ ብቻ ነው፣ ብዛት ያለው ከሆነም ደውሎ። ከዓረብ አገር ስትመለሱ ሲም ካርዱን ከመጣላችሁ በፊት ከሴቲንግ ገብታችሁ ስልክ ቁጥሩን ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ለውጡ፤ ቻቱ ሁሉ ይከተላችኋል። ሳትለውጡ ከጣላችሁት ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቴሌግራም በ2023 በአውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ለወራት ተዘግቶ እንደነበርም አይረሳ፤ የመደበኛ ጥሪና የኤስኤምኤስ ቁጥር ሁልጊዜ በወረቀት ላይም ይኑር፣ ልጁም የእናቱን ቁጥር በቃሉ ይያዝ።

የመጨረሻው ነገር የልጁን ድምፅ ማስቀመጥ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ድምፅ በሰባት ዓመቱ የለም። በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር የሚጫነውን ቴሌግራም ዴስክቶፕ ክፈቱ፣ ቻቱ ውስጥ ግቡ፣ ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» በሉ፣ ቮይስ ሜሴጅና ክቡን ቪዲዮ ምረጡ፣ ቀኑን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ወስኑ። በአዲስ ኮምፒውተር ከሆነ ለጥንቃቄ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅና በስልካችሁ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ በማግሥቱ ተመለሱ። ድምፆቹ በኦጂጂ ፋይል ሆነው በአንድ ፎልደር ይወርዳሉ፣ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ይከፈታሉ። በፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀምጡ፤ በየዓመቱ በልደቱ ሰሞን ቢደረግ አይረሳም።